መንዝ ላይ የምትቆም ባለ 2.4 ሜትር የነፋስ ተርባይን፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ መሐል ሜዳ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለ ትምህርት ቤት የምትሠራ ትንሽ የነፋስ ተርባይንን ሥራ ቀን በቀን ይይዛል። ንድፉ አዲስ አይደለም። ሂው ፒጎት በስኮትላንድ ስኮሬግ ላይ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየሠራ ያሻሻለው፣ በብዙ አገር ያሉ ወርክሾፖችም በየአካባቢያቸው ዕቃ የሚሠሩት ዓይነት ነው፦ ከእንጨት የተጠረቡ ሦስት ክንፎች፣ ማግኔት የተደረደረባቸው ሁለት የብረት ዲስኮች፣ በዲስኮቹ መካከል በሬዚን (ፈስሶ በሚደርቅ ሙጫ) የተቀበረ የመዳብ ጥቅል። የአዳማና የአሸጎዳ ትልልቅ ተርባይኖች ከውጭ ተሠርተው የመጡ ናቸው። ይህች ግን ከማግኔቱ በቀር መርካቶ ወይም እዚሁ መንዝ የማይገኝ ዕቃ የላትም። ስሌቱንና የመለኪያ መሣሪያውን ሰሜን አውሮፓ ባሕር ዳርቻ ላይ ያሉ አጋሮች ይዘዋል፤ ጠረባው፣ ጥቅለላው፣ ብየዳውና ተከላው እዚህ ነው።

ጥቅምት 14 — ሰዓቱ

የነፋስ መለኪያው በ10 ሜትር ምሰሶ ላይ ከነሐሴ ጀምሮ ቆሟል። ራሱ የሚመዘግበው ሣጥን እስኪደርስ ድረስ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በቀን አራት ጊዜ እያነበቡ በደብተር ይጽፉ ነበር። ደብተሩ በፎቶ ተልኮ ተመልሶ የመጣው ግራፍ ነፋሱ የሚበረታው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው ይላል። ይህ ሊሆን አይችልም። በዚያ ሰዓት ውርጭ ያረፈበት የጓሳ ሣር እንኳ አይነቃነቅም፤ ነፋሱ የሚነሣው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው።

ጉድለቱ ከሰዓት አቆጣጠር የመጣ ነው። ደብተሩ ላይ «9 ሰዓት» የተባለው የእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን አጋሮቹ በእነሱ አቆጣጠር የጠዋት 9 አድርገው አስገቡት። ስለዚህ መላው ሠንጠረዥ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ተጎትቷል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል እንጂ የባትሪውን መጠን የሚወስነው ይህ ነው። ነፋሱ ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ከመጣ፣ መብራት በሚበራበት ሰዓት አብሮ አለና ባትሪው ብዙ ማጠራቀም አያስፈልገውም። ጠዋት ቢሆን ኖሮ ማታ እስኪደርስ ሙሉውን መያዝ ነበረበት።

ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ቁጥር በዓለም አቀፍ ሰዓት (ዩ.ቲ.ሲ.፣ ከኢትዮጵያ ሦስት ሰዓት ወደኋላ የሆነው)፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፋል። የእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት 12:00 ነው። ወር በቁጥር አይጻፍም፤ «4/3» የተባለው ቀን በሦስት አቆጣጠር ሦስት የተለያየ ቀን ይሆናልና የወሩ ስም በፊደል ይቀመጣል።

ጥቅምት 27 — አየሩ ስስ ነው

የነፋስ ጉልበት ከአየሩ ክብደት ጋር እኩል ይወጣል፣ እኩል ይወርዳል። ባሕር ጠለል ላይ በ15 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪ.ግ. ይመዝናል። እዚህ የአየሩ ግፊት 69 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ በ12 ዲግሪ ሲሰላ 0.85 ኪ.ግ. ብቻ ነው። 31 በመቶ ቀሏል ማለት ነው።

ክንፎቹ በ2.4 ሜትር ዲያሜትር የሚያካልሉት ስፋት 4.52 ሜትር ካሬ ነው። ከነፋሱ ጉልበት ሩቡ ባትሪ ይደርሳል ብለን ስናሰላ፣ በሰከንድ 6 ሜትር ነፋስ ባሕር ዳር 150 ዋት የሚሰጠው እዚህ 103 ዋት ይሰጣል። በ10 ሜትር ነፋስ 690 ዋት የነበረው 478 ይሆናል።

የጎደለውን ለመመለስ ክንፉን ዲያሜትሩ 2.9 ሜትር እስኪሆን ማርዘም የሚል ሐሳብ ከአጋሮቹ መጥቶ ነበር። አልተቀበልነውም። ክንፍ ሲረዝም ዙሩ ይቀንሳል፤ ያኔ ጥቅሉ ባትሪ ለመሙላት የሚበቃ ቮልት አይሰጥምና ጄኔሬተሩ እንደ አዲስ መጠቅለል አለበት። ምሰሶውና መልሕቁም ይለወጣሉ። በዚህ ፋንታ ሁለት ባለ 100 ዋት የፀሐይ ፓነል ይታከላል። ፓነል ብርድ ይወዳል፤ የደጋ ፀሐይ ለእሱ የተሠራች ናት።

በኋላ የተጨመረ (የካቲት)፦ ስሱ አየር የሚቀንሰው ኃይልን ብቻ ነው ብለን ማሰባችን የዚህ ሥራ ትልቁ ጉድለት ነበር። የጭራው ክፍል ላይ ይታያል።

ኅዳር 9 — ዕቃ

ማግኔቶቹ 46×30×10 ሚ.ሜ.፣ ደረጃቸው ኤን 40፣ ኒኬል የተቀቡ ኒዮዲሚየም ናቸው። የሚያስፈልጉት 24 ሲሆኑ 26 ታዘዙ። ማግኔት በአውሮፕላን ሲጫን ኃይሉ ከሣጥኑ 2.1 ሜትር ርቆ ይለካል፤ ከተፈቀደው ካለፈ ዕቃው እንደ አደገኛ ጭነት ይያዛል። ስለዚህ ዋልታቸው እየተፈራረቀ ተደርድረው፣ በሁለት ባለ 3 ሚ.ሜ. ላሜራ መካከል ተጣብቀው መጡ። ሲከፈት አንድ በአንድ፣ በእንጨት ሽብልቅ እየተገፉ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ እንጂ ወደ ላይ አይነሡም። አንዱ አምልጦ ከጓደኛው ጋር ተጋጨና ጥጉ ተሰነጠቀ። ይህ ማግኔት ኃይሉ ባይቀንስም አይገባም፤ ኒኬሉ ከተላጠበት ቦታ ጀምሮ ዝገቱ ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል፣ ሲያብጥም ሬዚኑን ይፈነቅላል።

ንድፉ የተጎታች ጋሪ ሞዞ (ጎማ የሚታሰርበት እምብርት) ይጠይቃል፤ እዚህ የሚገኘው የቪትዝ የኋላ ሞዞ ነው። አራት ፔርኖ (የጎማ ማሰሪያ ብሎን) በ100 ሚ.ሜ. ክብ ላይ አሉት፣ ኩሽኔታው ያልተፈታና ድምፅ የሌለው መሆን አለበት። ጥንቃቄ የሚሻው ጥርሱ ነው፦ የመኪናው ፔርኖ ኤም 12 (12 ሚ.ሜ. ውፍረት) በ1.5 ሚ.ሜ. ጥርስ ሲሆን ከገበያ የሚገዛው ባለ ጥርስ ዘንግ ኤም 12 በ1.75 ነው። ዳዶው ሁለት ዙር ያህል ይገባና ይጠነክራል፤ በቁልፍ ከተገፋ ጥርሱን ይላጨዋል። የቪትዙ ፔርኖዎች ተመትተው ወጡ፣ በቦታቸው ባለ 1.75 ዘንግ ከነራሱ ዳዶ ገባ። ባለ ግማሽ ኢንች ብሎንም ከኤም 12 ጋር በአንድ ሣጥን ተደባልቆ ይሸጣልና በካሊፐር ይለካ፤ 12.7 ካነበበ ይመለስ።

ሽቦው ከሞተር ጠቅላዮች በኪሎ ተገዛ፣ 4 ኪ.ግ.። 1.3 ሚ.ሜ. ተብሎ የተሸጠው የመጀመሪያው ጥቅልል ቫርኒሹ በእሳት ተቃጥሎ ባዶ መዳቡ ሲለካ 1.2 ሆነ። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ የመዳቡ ስፋት ግን 15 በመቶ ይጎድላል፣ ያንኑ ያህል በሙቀት ይወጣል። ተመልሶ ተቀየረ። ዲስኮቹ ከ10 ሚ.ሜ. ላሜራ በ300 ሚ.ሜ. ዲያሜትር ቶርኖ ላይ ተቆረጡ።

ኅዳር 18 — ክንፍ

ባሕር ዛፍ በየቤቱ አለ፤ ግን ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፣ ይከብዳልም። ጽድ ቋጠሮው ብዙ ነው፣ በቋጠሮው ላይ ይሰበራል። የተመረጠው ዋንዛ ነው፦ ቀላል፣ ለመሮ የሚታዘዝ፣ ከደረቀ በኋላ ቅርጹን የማይለቅ። ሦስቱም ጣውላ ከአንድ ግንድ ነው፣ እያንዳንዱ 1200×125×40 ሚ.ሜ.። አናጢው ጣውላውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ገና ውሃውን አልጨረሰም» አሉ። ሚዛን ላይ ሲወጣ 3.1 ኪ.ግ. ነበር። በየሳምንቱ እየተመዘነ 2.8 ላይ ሲቆም ነው መጋዝ የነካው። እርጥበት መለኪያ ለሌለው ሰው ክብደቱ መውረዱን እስኪያቆም መጠበቅ ከሁሉ የታመነ መንገድ ነው።

ልኬቱ ከመሐሉ ተነሥቶ እንዲህ ነው። 30 ሳ.ሜ. ላይ ስፋቱ 125፣ ዝቅታው 38 ሚ.ሜ.፤ 60 ሳ.ሜ. ላይ 110 እና 14፤ 90 ሳ.ሜ. ላይ 78 እና 5፤ ጫፉ ላይ 60 እና 3። ዝቅታ የምንለው የክንፉ ፊት ከመሪው ጠርዝ ወደ ኋለኛው ጠርዝ ምን ያህል እንደሚወርድ ነው። በየነጥቡ በእርሳስ ከተሠመረ በኋላ በየ5 ሳ.ሜ. እስከ መሥመሩ ድረስ በመጋዝ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በመሮ ይነሣል፣ በመላጊያ ይስተካከላል። ፊቱ ቀጥ ማለት አለበት፤ ማስመሪያ ሲጋደምበት ብርሃን ማሳለፍ የለበትም። ጀርባው ይጎብጣል፦ ውፍረቱ 60 ሳ.ሜ. ላይ 14፣ 90 ላይ 10፣ ጫፉ ላይ 8 ሚ.ሜ. ሲሆን ትልቁ ውፍረት ከመሪው ጠርዝ በስፋቱ 30 በመቶ ላይ ይውላል። የኋለኛው ጠርዝ ከ1.5 ሚ.ሜ. ከወፈረ ክንፉ ያፏጫል፣ ኃይልም ይበላል።

ከሦስቱ አንዱ ዝቅታው በተሳሳተ ጎን ተሠምሮ ነበር። በመጋዝ ከመሰንጠቁ በፊት ተደረሰበት እንጂ ያ ጣውላ ወደ ግራ የሚዞር ክንፍ ይሆን ነበር። ከመጀመሪያው በሁለቱም ጫፍ «ፊት» ብሎ በቀለም መጻፍ ይህን ይከላከላል።

ቅባቱ የተልባ ዘይት ነው። የመጀመሪያው ቅብ ከአኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) ጋር እኩል ለእኩል ቀጥኖ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳይቀጥን፣ በመካከሉ ቢያንስ አራት አራት ቀን ፀሐይ ላይ። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ ራሱ ይሞቅና ራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ተዘርግቶ ውጭ ይሰጣል ወይም ውሃ ውስጥ ይነከራል። ይህን ያህል ፍቅፋቂ ባለበት አናጢ ቤት ይህ ማሳሰቢያ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት።

ኅዳር 26 — ጥቅል

ዘጠኝ ጥቅል፣ እያንዳንዱ 60 ዙር፣ 1.3 ሚ.ሜ. ሽቦ ሁለቱን አጋጥሞ፣ 13 ሚ.ሜ. ውፍረት። ስሌቱ አጭር ነው፦ ክንፉ በሰከንድ 3 ሜትር ነፋስ በደቂቃ 160 ዙር ገደማ ይዞራል፤ በዚያ ዙር ባለ 24 ቮልት ባትሪን መሙላት መጀመር አለበት።

የአንድ ጥቅል ሬዚስታንስ 0.09 ኦም ነው፤ ተራ ቴስተር ይህን አያነብም፣ 0.1 ወይም 0.2 ብሎ ይዘላል። ብልሃቱ 5 አምፒር በጥቅሉ ውስጥ ማሳለፍና በሁለቱ ጫፍ ያለውን ቮልት ማንበብ ነው፤ 0.45 ቮልት ካሳየ ልክ ነው። ከዚህም የሚቀለው የኩሽና ሚዛን ሆኖ ተገኘ። አንድ ሙሉ ጥቅል 328 ግራም ይመዝናል፣ አንድ ዙር ማለት 5.5 ግራም ነው። ስድስተኛው ጥቅል 317 ሲመዝን ሁለት ዙር እንደጎደለው ሳይቆጠር ታወቀ። ተፈትቶ እንደገና ተጠቀለለ።

ታኅሣሥ 7 — አንዱ ተገልብጧል

ጥቅል 1፣ 4 እና 7 አንድ ፌዝ (ከሦስቱ የጅረት መሥመር አንዱ)፤ 2፣ 5 እና 8 ሁለተኛው፤ 3፣ 6 እና 9 ሦስተኛው። መነሻዎቹ በአንድ ተያይዘው ኮከብ ይሆናሉ። ሬዚን ከፈሰሰ በኋላ ማረም ስለማይቻል ጥቅሎቹ በፕላይውድ ላይ በፕላስተር ተጣብቀው፣ አንዱ የማግኔት ዲስክ ብቻ ከላያቸው በእጅ ተሽከረከረ። በአንድ ዲስክ ቮልቱ ዝቅ ይላል፤ የሚፈለገው ግን ሦስቱ ንባብ እኩል መሆናቸው ነው።

ንባቡ 2.9፣ 2.0፣ 2.0 ሆነ። ይህ ንጽጽር አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፦ ሁለቱ ዝቅተኛ ንባብ የሚጋሩት ፌዝ ውስጥ ከሦስቱ ጥቅል አንዱ ተገልብጧል። የተገለበጠው አንዱን ጓደኛውን ያጠፋዋል፣ ፌዙ በሲሦ ቮልቱ ይቀራል፤ ከጤናማው ፌዝ ጋር ሲለካም የሚደርሰው 69 በመቶ ነው። ሽቦው ቢበጠስ ሁለቱ ንባብ ዜሮ ነበር የሚሆኑት። የትኛው እንደሆነ በኮምፓስ ተገኘ፦ 1 አምፒር ቀጥታ ጅረት በፌዙ ሲያልፍ ጥቅል 2 እና 8 ላይ መርፌው በአንድ አቅጣጫ ሲቆም 5 ላይ ዞረ። የ5 ጫፎች ተቀያይረው በስታኞ ከተያያዙ በኋላ ሦስቱም 2.9 ሆኑ።

ታኅሣሥ 16 — ሬዚኑ አልደረቀም

ቅርጹ ከፕላይውድ ነው። እንዳይጣበቅ የጧፍ ሰም ሦስት ጊዜ በስሱ ተቀብቶ በጨርቅ ተወለወለ፤ ከውጭ ከተመከረው ሰም በምንም አላነሰም። ከላይና ከታች አንድ አንድ ንጣፍ ፋይበር። መጀመሪያ 600 ግራም ሬዚን ከ9 ግራም ማድረቂያ ጋር ያለ ዱቄት ፈሶ ጥቅሎቹን አራሰ፤ ቀጥሎ 400 ግራም ሬዚን ከ400 ግራም የታልክ ዱቄትና ከ6 ግራም ማድረቂያ ጋር ሞላው። ታልኩ ሙቀት ያበርዳል፣ ስንጥቅም ይከላከላል።

በማግሥቱ ክዳኑ ሲነሣ ሬዚኑ በጥፍር ይጫናል፣ ጣትም ይይዛል። መመሪያው «በክፍል ሙቀት ይደር» ይላል። ጻፊው ያሰበው ክፍል 20 ዲግሪ ነው፤ የእኛ ወርክሾፕ ሌሊቱን 11 ዲግሪ አድሯል። ፖሊስተር ሬዚን ከ15 ዲግሪ በታች መድረቁን ያቆማል ማለት ይቻላል። ለአጋሮቹ የተላከው ጥያቄ መልስ አላገኘም፤ ቀኑ የእነሱ ገና ነው። የሁለቱን ወገን በዓላት የያዘ አንድ የቀን መቁጠሪያ ከመጀመሪያው መዘጋጀት ነበረበት።

ማድረቂያውን አብዝቶ ብርዱን ማሸነፍ አይቻልም። ከ2 በመቶ በላይ ከሆነ ወፍራሙ ክፍል በራሱ ሙቀት ይፈላና ይሰነጠቃል። ያደረግነው ቅርጹን በትልቅ ካርቶን ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖል ማብራት ነው፤ ሣጥኑ ከላይ ቀዳዳ ነበረው፣ የሬዚኑ ትነት ስለሚቀጣጠል ከሰልና ምድጃ አጠገቡ አልደረሱም። ቴርሞሜትሩ 40 ዲግሪ አካባቢ ለስምንት ሰዓት ከቆየ በኋላ አሴቶን በነካ ጨርቅ ሲታሽ አልለሰለሰም። ለሚቀጥለው ሬዚኑን ራሱን በለብ ያለ ውሃ 25 ዲግሪ አድርሶ መጀመር ነው።

ጥር 3 — ሁለቱ ዲስኮች

ሙሉ ማግኔት ያላቸው ሁለት ዲስኮች ፊት ለፊት በእጅ አይቀራረቡም። ጣት በመካከሉ ቢገባ ያደቀዋል። በሦስት ቦታ ባለ ጥርስ ኤም 10 ዘንግ ገብቶ የፊተኛው ዲስክ ሩብ ሩብ ዙር እየተፈታ ይወርዳል። ሰሜን ዋልታ ደቡብን ማየት አለበት፤ ከተሳሳተ ዲስኮቹ ይገፋፋሉ፣ ያ ራሱ ምልክት ነው። በሬዚን የተቀበረው ጥቅል (ስታተሩ) ሳይነቃነቅ፣ በሁለቱም ጎኑ 1.5 ሚ.ሜ. ክፍተት ይዘው ዲስኮቹ ነጻ ሆነው ይዞራሉ።

በሰከንድ አንድ ዙር (አሥር ዙር በአሥር ሰከንድ በስልክ ተቆጥሮ) በሁለት መሥመር መካከል 6.7 ቮልት፣ ሦስቱም እኩል። በስሌት 6.76 ነበር። ባትሪ መሙላት የሚጀምረው በደቂቃ 160 ዙር ነው፤ የታሰበው ተገኘ።

ጥር 9 — ትርፉን ማቃጠያ

ባትሪው ሲሞላ ተርባይኗን ከጭነት ማላቀቅ አይቻልም፤ ጭነት ያጣች ተርባይን ዙሯ ያመልጣል። መቆጣጠሪያው ትርፉን ወደ ማሞቂያ ያዞረዋል። ከውጭ የታዘዘው ማሞቂያ ውድ ነበር። የእንጀራ ምጣድ ሬዚስታንስ ሱቅ ውስጥ አለ። ባለ 3.5 ኪሎ ዋት የ220 ቮልት ምጣድ 13.8 ኦም ነው። ሬዚስታንሱ ለአምስት እኩል ተቆርጦ ሁለቱ ቁራጭ ጎን ለጎን ሲታሰሩ 1.38 ኦም ይሆናሉ፦ በ28.8 ቮልት 21 አምፒር፣ 600 ዋት። በእያንዳንዱ የሚያልፈው 10.4 አምፒር ሲሆን ምጣዱ ውስጥ 16 ይሸከም ነበርና ይሞቃል እንጂ አይቀላም። በሸክላ ላይ፣ ከግድግዳ 30 ሳ.ሜ. ርቆ፣ በወንፊት ሽቦ ተሸፍኖ ተሰቀለ። ከሠራናቸው ለውጦች ሁሉ አጋሮቹ ቀድተው የወሰዱት ይህን ነው።

ጥር 14 — መልሕቅ

ምሰሶው ሁለት ባለ 6 ሜትር፣ ባለ 3 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቱቦ ተያይዞ 12 ሜትር ነው፤ በአራት አቅጣጫ፣ በሁለት ደረጃ፣ በ8 ሚ.ሜ. የብረት ካቦ ይወጠራል። መልሕቆቹ ከግርጌው 6 ሜትር ርቀው ይቀበራሉ። ቦታው መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ አጭር ካስማ ከዓመት በላይ አይቆይበትም። 1.2 ሜትር ተቆፍሮ ጥቁሩ አፈር ካለፈ በኋላ ፌሮ የተጠለፈበት ትልቅ ድንጋይ ተቀበረ፤ ጉድጓዱ በአፈር ሳይሆን በድንጋይና በሲሚንቶ ተሞላ።

የካቦ ክላምፕ በየጫፉ ሦስት፣ በመካከላቸው 5 ሳ.ሜ.። የክላምፑ ቀለበት አጭሩን ትርፍ ካቦ ይጫናል፣ ወፍራሙ ኮርቻ ደግሞ ሸክም ያለበትን። ከ16ቱ ጫፍ አራቱ ተገልብጠው ነበር፤ ሁሉም ተፈትተው ታረሙ።

ጥር 22 — ማቆም

መርሐ ግብሩ ጥር 21 ይል ነበር። አስተርዮ ማርያም ላይ ማንም ከባድ ሥራ አይነካም፤ ስለዚህ ጅጊው ለዛሬ ተጠራ። ነፋስ ሳይነሣ፣ ጠዋት 2 ሰዓት (05:00) ላይ ተጀመረ። በ6 ሜትር ማንሻ እንጨት በኩል ካቦው ተጎተተ፣ የጎን ካቦዎቹን ሁለት ሁለት ሰው ያዘ፣ ማንም ከምሰሶው ሥር አልቆመም። ምሰሶው መጀመሪያ ያለ ተርባይን ቆሞ ወረደ፤ መልሕቁና ርዝመቱ በዚህ ይፈተሻል። ሁለተኛው ከነተርባይኑ ነው። ከመነሣቱ በፊት ሦስቱ መሥመር አንድ ላይ ታሰሩ፤ እንዲህ ሲሆን ክንፉ እንደ ፍሬን ተይዞ ይቀራል። ይህን የረሳ ሰው ምሰሶው ገና ሳይቆም የሚሽከረከር ክንፍ ያጋጥመዋል።

የካቲት 4 — ጭራው

በ6 ሜትር ነፋስ 3.8 አምፒር በ25.6 ቮልት፣ 97 ዋት። ስሌቱ 103 ነበር። በ10 ሜትር 17 አምፒር በ27.2፣ 462 ዋት። እስከዚህ መልካም ነው። ጥር 29 ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ 12.5 ሜትር ሲደርስ 27 አምፒር ተመዘገበ፣ ስታተሩ ውስጥ የተቀበረው ቴርሞኮፕልም (የሙቀት መለኪያ) 95 ዲግሪ አነበበ። ተርባይኗ ከ20 እስከ 22 አምፒር ላይ ፊቷን ከነፋስ ማዞር ነበረባት።

ከአጋሮቹ የመጣው የመጀመሪያ ግምት ማጠፊያው በቅባት ማነስ ይዞታል የሚል ነበር። ምሰሶው ወርዶ ሲታይ ጭራው ያለ ምንም ችግር ይንቀሳቀሳል። መልሱ የጥቅምት 27 ቁጥር ውስጥ ነበር።

ይህች ተርባይን ራሷን የምትጠብቀው በሁለት ኃይል ትግል ነው። የነፋሱ ግፊት ከምሰሶው መሐል ትንሽ ገለል ብሎ በተሰቀለው ሮተር ላይ ያርፍና ፊቷን ወደ ጎን ሊያዞር ይጥራል። ጭራው ደግሞ ማጠፊያው 20 ዲግሪ ያዘነበለ ስለሆነ ለመታጠፍ ሽቅብ መውጣት አለበት፤ የሚመልሰው የራሱ ክብደት ነው። የነፋሱ ግፊት በስስ አየር 31 በመቶ ቀንሷል። የጭራው ክብደት ግን መንዝም ስኮትላንድም ያው ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር ተመዝኖ የተሠራ ጭራ እዚህ ከልክ በላይ ይከብዳል፦ ተርባይኗ የምትሸሸው 20 በመቶ በፈጠነ ነፋስ ነው፣ በዚያ ነፋስ የምታመነጨውም ከታሰበላት 20 በመቶ ይበልጣል። በስስ አየር ላይ ያለ ስታተር ደግሞ የሚያቀዘቅዘውም አየር ስስ ነው። ኃይል የሚቀንሰው ከፍታ ጥቅሉን የሚያቃጥለው በዚህ መንገድ ነው።

ምን ያህል ይቅለል? 31 በመቶ ማቅለል ስሕተት ይሆናል፤ ያኔ ገና በደህናው ነፋስ ትሸሻለች፣ ያለችው ትንሽ ኃይል ትባክናለች። የሚፈለገው ከፍተኛው ኃይል እንደ ባሕር ዳሩ እንዲሆን ነው። ኃይል በፍጥነት ኩብ፣ ግፊት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ የጭራው ጉልበት በአየሩ ክብደት ንጽጽር ኩብ ሥር ይባዛል፦ የ0.69 ኩብ ሥር 0.88 ነው። 12 በመቶ ይቅለል ማለት ነው።

ጭራው 7.5 ኪ.ግ. ሲሆን ሚዛኑ የሚያርፈው ከማጠፊያው 0.8 ሜትር ላይ ነው፤ 6.0 ኪ.ግ. ሜትር። የጭራው ቅጠል ባለ 9 ሚ.ሜ. ፕላይውድ 2.2 ኪ.ግ. ነበር፣ መሐሉ ከማጠፊያው 1.1 ሜትር። ስፋቱ ሳይነካ በባለ 6 ሚ.ሜ. ሲተካ 1.44 ኪ.ግ. ሆነ፣ ጉልበቱም ወደ 5.2 ወረደ። ስፋቱን መቀነስ አይገባም፤ ተርባይኗን ወደ ነፋስ የሚመራት እሱ ነው። ሥራው ከግማሽ ቀን ያነሰ ነው፣ ዋጋውም የአንድ ቁራጭ ፕላይውድ።

የካቲት 20 — ውጤት

በ12 እና በ13 ሜትር ነፋስ መካከል ከ22 አምፒር አላለፈም፤ ስታተሩ ከ71 ዲግሪ አልወጣም። በ6 እና በ10 ሜትር የነበረው ንባብ አልተለወጠም፤ ጭራው የቀለለው ደህናውን ነፋስ ሳያስጥል ነው። አጋሮቹ ቁጥሩን በራሳቸው ስሌት ፈትሸው ተቀብለውታል።

መጋቢት 9 — ሥዕሉ ላይ የተጨመረ

የጋራ ሥዕሉ የጭራ ገጽ ላይ አዲስ ዓምድ ገብቷል፦ ከፍታና የጭራ ጉልበት። ሸዋ ሮቢት 6 በመቶ ይቀንሳል፣ ደብረ ብርሃን 11፣ መሐል ሜዳ 12። የሬዚኑ ገጽ ላይ «የክፍል ሙቀት» ተሠርዞ «ከ20 ዲግሪ ያላነሰ» ተብሏል። የዕቃ ዝርዝሩ ላይ የጥርሱ ልክ ከብሎኑ ጎን ተጽፏል።

የቀረ ሥራ፦ በምሰሶው ራስ ላይ ያለው መዞሪያ በማለዳ ብርድ ይጮኻል፤ ግራሶው ለብርድ የጠጠረ ይመስላል፣ በቀጠነ ይቀየራል። ወደ ታች የሚወርደው ገመድ ሁለት ወር ሳይሞላ ስድስት ዙር ተጠምዟል፤ በየሦስት ወሩ ከግርጌው ተነቅሎ ይፈታ። ከበልጉ በረዶ በኋላ የክንፉ መሪ ጠርዝ በእጅ ይዳሰስ፤ እንጨቱ ከሻከረ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ የተልባ ዘይት ይደገምበት። የመልሕቅ መወጠሪያዎቹ መረሬው ሲያብጥ ስለሚላሉ የመጀመሪያው ክረምት እስኪያልፍ በየሁለት ሳምንቱ ይታያሉ።